ኤአይ ያወጣው የምርት ሮድማፕ ሥራ ላይ ሲውል ለምን ይሰናከላል? ችግሮቹና መፍትሄያቸው

ቻትጂፒቲ፣ ክላውድና ጀሚናይን የመሳሰሉ መሣሪያዎች የምርት ሮድማፕ (በምርቱ ላይ ምን፣ መቼ እንደሚሠራ የሚያሳይ ዕቅድ) ለማውጣት የሚያስፈልገውን ንባብና ማደራጀት በእጅጉ ያቀልላሉ። ከታች ያሉት ምሳሌዎች አዲስ አበባ ውስጥ የምግብ ዴሊቨሪ መተግበሪያ የሚሠራ ቡድንን ያሰቡ ናቸው። የምሳሌዎቹ ቁጥሮች ለማሳያ ብቻ የተቀመጡ ናቸው።

ዕቅዱ ለየትኛውም ድርጅት የሚሆን ነው

"ምዝገባውን ማቅለል፣ ለደንበኛ ሽልማት መጨመር፣ ቻትቦት ማስገባት" የሚል ዝርዝር ከወጣ፣ ሞዴሉ (ከመሣሪያው ጀርባ ሆኖ መልሱን የሚጽፈው ፕሮግራም) ስለ እናንተ የሚያውቀው ነገር የለም። "የስድስት ወር ሮድማፕ አውጣልኝ" ብቻ ሲባል ክፍተቱን የሚሞላው ስለ ሌሎች ምርቶች ባነበበው ነው።

አንድ ገጽ መግለጫ አዘጋጁና በየውይይቱ መጀመሪያ ላይ ለጥፉት። ቁጥርና ቀን ያለው አንድ ግብ ይኑረው፤ ለምሳሌ "እስከ ታኅሣሥ 30 ከ100 ትእዛዝ የሚሰረዘውን ከ12 ወደ 7 ማውረድ"። የዴቨሎፐሮቹ ብዛት፣ ባለፉት ስድስት ወራት የተሠራውና ተሞክሮ ያልሠራውም ይግቡበት። በዚህ ዓመት ጨርሶ የማትነኩትንም ጻፉ። ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ሲረሳ ደግሞ ሞዴሉ የተጣለውን ሐሳብ እንደ አዲስ ይዞ ይመጣል።

ሞዴሉ የቆጠረው ቅሬታ ከእውነቱ ጋር አይገጥምም

ብዙ ሮድማፕ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከቴሌግራምና ከጥሪ ማዕከል የተሰበሰቡ 600 መልእክቶች በአንድ ጊዜ ይለጠፋሉ፤ ሞዴሉም "38 በመቶው ስለ መዘግየት ነው" ይላል። ይህ ቁጥር ተቆጥሮ የመጣ ላይሆን ይችላል። የቋንቋ ሞዴል ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ይገምታል እንጂ እንደ ካልኩሌተር አይቆጥርም። ጽሑፉ ሲረዝም ደግሞ መሐል ያለውን የመዝለል ዝንባሌ አለው።

አማርኛ ሲሆን ችግሩ ይብሳል። ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው ስልት አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ብዙ ሞዴሎችም የአማርኛን ቃል ወደ ብዙ ቁርጥራጭ ስለሚከፋፍሉት በአንድ ጊዜ ማንበብ የሚችሉት መጠን ቶሎ ይሞላል። በዚያ ላይ አንዱ "ትእዛዝ"፣ ሌላው "ትዕዛዝ" ብሎ ይጽፋል፤ ሦስተኛው አማርኛውን በላቲን ፊደል ይልከዋል። በቁልፍ ቃል የሚፈልግ መሣሪያ ይህን እንደ ሦስት የተለያየ ነገር ያየዋል።

እንዲህ ሥሩት፦

1. ስም፣ ስልክና አድራሻ አጥፉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የደንበኛን መረጃ አያያዝ ይመለከታል። የደንበኛውን ስም በኮድ ተኩና ለእያንዳንዱ መልእክት ተራ ቁጥር ስጡ።
2. 60 ያህሉን ራሳችሁ አንብቡና ከ10 እስከ 12 ምድብ አውጡ። "ሌላ" የሚል ምድብም ጨምሩ፤ ከሌለ ሞዴሉ የማይገጥመውን በግድ ይከታል።
3. ከ40 እስከ 50 እየከፈላችሁ ስጡ። ለእያንዳንዱ ተራ ቁጥሩን፣ ምድቡንና ከመልእክቱ እንዳለ የተቀዳ ሐረግ እንዲመልስ እዘዙ።
4. ሐረጉን በዋናው ፋይል ውስጥ ፈልጉ። ካልተገኘ ፈጥሮታል ወይም ቀይሮታል ማለት ነው፤ ያን መልእክት ራሳችሁ መድቡት።
5. ቆጠራውን ኤክሴል ይሥራው፤ የመልእክት ሳይሆን የደንበኛ ብዛት ቁጠሩ። አንድ የተናደደ ሰው 14 ጊዜ ሊጽፍ ይችላል።

ከዚያ አንድ ሰው የሞዴሉን ምድብ ሳያይ 100 መልእክት ይመድብ። ከ15 በላይ ከተለያዩ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ድንበሩ ካልተለየ ምድብ ነው፤ "መዘግየት" እና "ሞተረኛ አልተገኘም" አንድ ናቸው ወይስ ሁለት?

ሞተረኞች ግን ከመጻፍ መደወል ይቀናቸዋል፤ ትቶ የሄደ ደንበኛም ምንም አይጽፍም። የሁለቱ ድምፅ በፋይሉ ውስጥ ስለማይገኝ ለየብቻ ደውላችሁ ጠይቁ።

ሩብ ዓመቱና ሰዓቱ ተዛብቷል

"በአንደኛው ሩብ ዓመት" ስትሉ ሞዴሉ ከጃንዩወሪ እስከ ማርች ብሎ ሊወስደው ይችላል። በመንግሥት የበጀት ዓመት የምትሠሩ ከሆነ አንደኛው ሩብ ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1፣ ማለትም ጁላይ 8 ነው፤ እስከ መስከረም 30 ይዘልቃል፣ ጳጉሜንም በውስጡ አለች። ቀኑን ሞዴሉ እንዲቀይር አትተዉት። በሁለቱም አቆጣጠር የተጻፈ ሰንጠረዥ ራሳችሁ ስጡት። የ2019 ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለምትሆን የ2020 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ እንደሚውል አስቡ። "ማታ 2 ሰዓት ላይ አፑ ይቆማል" የሚል ቅሬታም 20፡00 ተብሎ ካልተጻፈ ሞዴሉ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሊያደርገው ይችላል።

የቅድሚያ ነጥቡ በጠየቃችሁ ቁጥር ይለዋወጣል

ኢንተርኮም ከተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ የወጣው ራይስ የተባለ ስሌት የሚደርሳቸውን ሰዎች፣ ተጽዕኖውንና እርግጠኝነቱን አባዝቶ በሚጠይቀው የሰው ወር (አንድ ሰው በአንድ ወር በሚሠራው መጠን) ያካፍላል። ሞተረኛውን በካርታ ማሳየት፦ 4,000 × 1 × 80% ÷ 2 = 1,600። ያለቀ ምግብ ወዲያው ከሜኑ እንዲጠፋ ማድረግ፦ 900 × 3 × 50% ÷ 1 = 1,350። የመጀመሪያውን እርግጠኝነት ወደ 50% ብታወርዱት ውጤቱ 1,000 ይሆንና ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። አንዷን ቁጥር ሞዴሉ በግምት ከሞላት ሮድማፑን የወሰነው እሱ ነው።

ስለዚህ የሰዎቹ ብዛት ከዳታቤዝ፣ የሰው ወሩ ከዴቨሎፐሮቹ ይምጣ። እርግጠኝነቱን በቋሚ ደንብ አስሩት፦ በሙከራ የተለካ 100፣ ዳታ የሚደግፈው 80፣ ግምት 50። ሞዴሉ የደጋፊና የተቃራኒ ማስረጃ ዝርዝር ብቻ ያውጣ።

ያላችሁትን ሁሉ ይደግፋል

"ይህን ፊቸር ማስቀደም ጥሩ አይመስልህም?" ካላችሁት ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው ይላል። ሞዴሎች ወደ ጠያቂው ሐሳብ ያዘነብላሉ። አዲስ ውይይት ክፈቱ፤ ሐሳቡ የማን እንደሆነ አትንገሩት፤ "ይህ ሥራ ተሠርቶ ከስድስት ወር በኋላ ማንም አልተጠቀመበትም፤ አምስት ምክንያት ስጥ" በሉት። ከአምስቱ ሁለቱን በዳታ ማስተባበል ካልቻላችሁ ሥራው ገና ነው።

የጊዜ ግምቱ በጣም አጭር ነው

ሞዴሉ የሚገምተው ኮድ መጻፉን ነው። ከጂራ (ቡድኑ ሥራዎቹን ከሚመዘግብበት ሲስተም) የመጨረሻዎቹን 10 ተመሳሳይ ሥራዎች አውጡና የተጀመሩበትንና ያለቁበትን ቀን ስጡት፤ ከዚያ ላይ ይገምት። ሥራው ከባንክ ወይም ከክፍያ ድርጅት ሲስተም ጋር መገናኘት ካለበት የፈቃዱንና የሙከራውን ጊዜ በተለየ መስመር ያዙ፤ ኮዱ አልቆ ሥራው የሚቆመው ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው።