የጥናት መግቢያ በእንግሊዝኛ ለምትጽፉ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች
በጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ በማራኪ ግቢም ሆነ በሕክምና ኮሌጁ፣ የጥናታችሁን መግቢያ በእንግሊዝኛ የምትጽፉ ሁሉ ሰዋስው ከማረማችሁ በፊት የመግቢያውን አካሄድ እንድታስተካክሉ አጥብቄ እመክራለሁ። ጆን ስዌልስ የተባሉት የቋንቋ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1990 ባቀረቡት ሞዴል መሠረት፣ የምርምር ጽሑፍ መግቢያ በአብዛኛው ሦስት እርምጃዎች አሉት፤ መጀመሪያ ርዕሰ ጉዳዩ ለምን ትኩረት እንደሚገባው ያሳያል፣ ቀጥሎ በእስካሁኑ ጥናት የጎደለውን ይጠቁማል፣ በመጨረሻም አዲሱ ጥናት ክፍተቱን እንዴት እንደሚሞላ ይገልጻል።

ብዙዎቻችን የምንቸገረው በሁለተኛው ላይ ነው። ለምሳሌ በመተማ ወቅታዊ የእርሻ ሠራተኞችን ስለሚያጠቃው ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ) የሚጽፍ ተማሪ፣ ስለ በሽታው ዓለም አቀፍ ስርጭት ሁለት ገጽ ከደረደረ በኋላ በቀጥታ ወደ ጥናቱ ዓላማ ይዘላል፤ አንባቢው ግን የሚጠብቀው፣ የቀደሙት ጥናቶች ሆስፒታል በተኙ ሕሙማን ላይ ያተኮሩ ከሆነ፣ ሕክምና ሳያገኙ እርሻ ላይ የቀሩት እንዳልታዩ በግልጽ የሚናገር ዓረፍተ ነገር ነው። «በዚህ ላይ ምንም ጥናት አልተደረገም» ብሎ መደምደም ደግሞ አደገኛ ነው፤ ገምጋሚው አንድ ጽሑፍ ካገኘ ክርክሩ ይፈርሳልና፣ የተደረገው ጥናት ውስን መሆኑን መግለጽ ይሻላል።

በመስካችሁ በቅርቡ ከታተሙ ጽሑፎች ሦስት ወይም አራቱን ፕሪንት አድርጋችሁ፣ እርምጃዎቹን በተለያየ ቀለም አስምሩባቸው። ዓረፍተ ነገሮቹን ሳይሆን ቅደም ተከተላቸውን ተዋሱ፤ የራሳችሁንም ረቂቅ በዚያው መንገድ ፈትሹ፣ ሁለተኛው ቀለም ከጠፋም ለአማካሪያችሁ ከመስጠታችሁ በፊት መግቢያውን እንደገና ጻፉት።