‹ራን› የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ በየዐረፍተ ነገሩ እንዴት መፍታት ይቻላል?

ሱሉልታ ላይ ማለዳ በሩን የከፈተ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው በሜዳው ዳር ተከታትለው የሚሮጡ አትሌቶችን ነውና፣ የሰፈራችን ልጆች ‹ራን› የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ ‹ሮጠ› ብለው ብቻ ቢይዙት አያስገርምም። እንግሊዝኛ የማስጠናው አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ‹ዊ ራን አውት ኦፍ ዋተር› የሚለውን ‹ከውሃው ሮጠን ወጣን› ብሎ ተረጎመልኝ። ቢጫዎቹ ጀሪካኖች ግን ባዶአቸውን ግቢው ውስጥ ተደርድረው ነበር፤ ዐረፍተ ነገሩም የሚለው ይህንኑ ነው፦ ‹ውሃ አለቀብን›።

ታላቁ የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ለዚህ ግስ 645 ፍቺዎችን ይዘረዝራል። ያን ሁሉ መሸምደድ አያስፈልግም። አማርኛ ተናጋሪ ሥጋ ሲቆረጥ፣ ትኬት ሲቆረጥና ተስፋ ሲቆረጥ ሳይደናገር የሚረዳው ከግሱ ጎን ያለውን ቃል አይቶ ነው፤ እዚህም የሚያዋጣው ይኸው መንገድ ነው።

በመጀመሪያ የዐረፍተ ነገሩን ባለቤት ይለዩ። ባለቤቱ ሞተር ከሆነ ‹ይሠራል›፣ ውሃ ከሆነ ‹ይፈሳል›፣ አውቶቡስ ከሆነ ‹ይመላለሳል›፣ መንገድ ከሆነ ‹ይዘልቃል› ማለት ነው። ስለ ልብስ ቀለም የተነገረ ከሆነ ደግሞ ‹ይለቃል› ማለት ሲሆን፣ ነጭ ነጠላ ከአዲስ ቀይ ሹራብ ጋር የዘፈዘፈ ሰው ይህን ፍቺ መቼም አይረሳውም።

ባለቤቱ ሰው ሲሆን ግን ገና አልጨረሱም፤ ተሳቢ መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፣ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያጠለቀው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ለዚህ ከማንም የተሻለ ምሳሌ ነው። ‹ኃይሌ ራንስ› ቢባል ይሮጣል ማለት ነው፤ ‹ኃይሌ ራንስ ሆቴልስ› ቢባል ግን ሆቴሎችን ያስተዳድራል ማለት እንጂ ወደ ሆቴል ይሮጣል ማለት አይደለም። ‹ወደ› የሚል ፍቺ ያለው ቃል በመካከል እስካልገባ ድረስ፣ ከግሱ ቀጥሎ የመጣ ድርጅት ወይም ሱቅ የሚመራ ነገር ነው ብለው ይውሰዱት።

ቀጥሎ ከግሱ በስተኋላ የምትገባውን ትንሽ ቃል ያጣሩ። ተማሪዎችን ከሁሉ ይበልጥ የምታሳስተው እርሷ ናት፤ ምክንያቱም ከግሱ ጋር ተጣምራ አዲስ ግስ ትሆናለች እንጂ የራሷን ፍቺ ብቻ አትጨምርም። ‹ራን ኢንቱ› ከሰው ጋር ሲሆን ድንገት መገናኘት፣ መኪና ከግንብ ጋር ሲሆን መላተም ነው። ‹ራን ኦቨር› በመኪና መዳጥ ነው።

በመጨረሻም ደብተር ይያዙና ቃሉን ለብቻው ሳይሆን ዐረፍተ ነገሩን ሙሉ በላቲን ፊደል ይጻፉ፤ በእኛ ፊደል የአሁኑም ያለፈውም ጊዜ እኩል ‹ራን› ተብሎ ስለሚጻፍ ልዩነታቸው ይጠፋል። ከጎኑ የሚያሰፍሩት አማርኛ ለቤተሰብዎ ሲያወሩ የሚሉት ዓይነት ይሁን፦ ‹ኢን ዘ ሎንግ ራን› ለሚለው ‹በረጅሙ ሩጫ› ሳይሆን ‹ውሎ አድሮ› ብለው ይጻፉ።