በረዶ ሲጥል ልጅን ከትምህርት ቤት ማምጣት

በረዶ ትምህርት የሚያዘጋው በብዛቱ ብቻ አይደለም፤ የከተማው ዝግጅትም ይወስነዋል። እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር የሚሆን በረዶ የአሜሪካዋን ከተማ አትላንታን ቀጥ አደረጋት፤ ተማሪዎች ትምህርት ቤት አደሩ። በረዶ የለመደው የአሜሪካ ግዛት ሚኒሶታ ግን ይህን ያህሉን ጠርጎ ይውላል።

አዲስ አበባ ውስጥ፣ ፒያሳ፣ አራት ኪሎና ካዛንቺስ የሚወርደው ግን እንደ አትላንታው ለስላሳ በረዶ ሳይሆን ጠጣሩ በረዶ ነው፤ ከመብረቅና ከጎርፍ ጋር ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚጥለው ከሰዓት በኋላ፣ ልጆች በሚወጡበት ሰዓት ገደማ ነው። ቶሎ ስለሚያባራ መጠበቅን የሚያህል መፍትሔ የለም። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ልጁ ክፍል ውስጥ ይቆይ። ይህን ከመምህሩና ከሰርቪስ ሹፌሩ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ በዚያ ሰዓት ስልክ ላይነሳ ይችላል። ዛፍ ሥር መጠለል ፈጽሞ አይሆንም።

ከበረዶው ይልቅ የሚያሰጋው ጎርፉ ነው። በረዶው ከቅጠልና ከፌስታል ጋር ሆኖ የቱቦውን አፍ ሲደፍን ውሃው አስፋልቱን ይሞላዋል፤ ክዳን የሌለው ጉድጓድም በድፍርሱ ውሃ ይሸፈናል። ውሃው አንድ ቦታ እየተሽከረከረ የሚሰርግ ከሆነ ከዚያ ራቁ። 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ጥልቀት ያለው ፈጣን ጎርፍ አዋቂን ይጥላል፤ ልጅ ይዛችሁ አትሻገሩ።

ደረቅ ካልሲ በፌስታል ጠቅልላችሁ ቦርሳው ውስጥ አኑሩ።

ቤት ስትደርሱ አሸንዳውን እዩ። መውረጃው ከተደፈነ የቀለጠው ውሃ ተመልሶ ኮርኒሱን ያበሰብሳል። ነጎድጓዱ ሲያቆም የመውረጃውን አፍ ብቻ በእንጨት ክፈቱ፤ የቀረው ራሱ ቀልጦ ይወርዳል። ቆርቆሮው ስለሚያንሸራትት ጣሪያ ላይ አትውጡ።