ቱርቦ መኪናን በኢታኖል ቅልቅል እንዴት እናስነዳ? ከማርቆስ እስከ ዓባይ በረሃ

ኢታኖል ሲተን ከቤንዚን በእጅጉ የበለጠ ሙቀት ይወስዳል። ቱርቦው (በጭሱ ኃይል እየዞረ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋው መሣሪያ) አግሎ የሚልከውን አየር ስለሚያበርድ ሞተሩ ሳያንኳኳ (ነዳጁ ያለጊዜው ሳይፈነዳ) ከፍ ያለ ግፊት ይሸከማል። ችግሩ መጠኑ ላይ ነው፦ 1 ኪሎ ቤንዚን ለመቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ሲፈልግ፣ ለ1 ኪሎ ኢታኖል 9 ኪሎ ይበቃዋል። ለዚያው አየር ብዙ ነዳጅ ካልገባ ቅልቅሉ ይሳሳል፣ ፒስተንም ይቀልጣል።

1. ኢታኖሉ ከ99 በመቶ በላይ ንጹሕ ይሁን። አረቄ፣ ዳግምም ቢሆን፣ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው፤ በፍጹም አይሞከር። የፋርማሲው 70 በመቶ አልኮልም አይሆንም። ውሃው አልኮሉን ይዞ ታንኩ ሥር ይዘቅጣል፤ ፓምፑ መጀመሪያ የሚስበው እሱን ነው።

2. ያረጁ የነዳጅ ጎማዎችን አልኮል በሚችል ቱቦ ቀይሩ፤ ካንዴላውን አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ (ሙቀቱን ቶሎ የሚያስወጣ) አድርጉ።

3. ከማደያ የተቀዳው ቤንዚን ራሱ ኢታኖል ሊኖርበት ስለሚችል ለኩት። ባለ 100 ሚሊ ሊትር መለኪያ ብርጭቆ ውስጥ 10 ውሃ፣ በላዩ 90 ቤንዚን ጨምሩ፤ በደንብ ንጡትና 10 ደቂቃ አስቀምጡት። የታችኛው ፈሳሽ 10 ላይ ከቆመ ኢታኖል የለበትም፤ 19 ከደረሰ 10 በመቶ አለበት። ቤንዚኑ ንጹሕ ከሆነ ለ40 ሊትር ታንክ 12 ሊትር ኢታኖልና 28 ሊትር ቤንዚን 30 በመቶ ይሰጣል። ለጀማሪ ከዚህ በላይ አልመክርም።

4. የሞተሩን ኮምፒውተር ማፕ (የነዳጁን መጠንና የእሳቱን ጊዜ የሚወስነውን ሠንጠረዥ) ማስተካከል። 30 በመቶ ቅልቅል 11 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ነዳጅ ይጠይቃል። ጎጃም ላይ ብዙ ሞተር የሚጎዳው እዚህ ነው፤ ማርቆስ ላይ ተስተካክሎ ዓባይ ይወርዳልና። ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 76 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው፤ ዓባይ ድልድይ ላይ 90 ይጠጋል። ተራ ዌስትጌት (የቱርቦውን ግፊት የሚገድበው ቫልቭ) ከውጭው አየር በላይ 80 ኪሎፓስካል እንዲጨምር ከታሰረ፣ ማርቆስ ላይ 156 የነበረው ጠቅላላ ግፊት ዓባይ ላይ 170 ይሆናል። 9 በመቶ ገደማ ተጨማሪ አየር ማለት ነው፤ የበረሃው ሙቀት የሚቀንሰው ከፊሉን ብቻ ነው። በቤንዚን ከጊዜው 70 በመቶውን ይከፈት የነበረ ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨው አፍ) በቅልቅሉ 78፣ ዓባይ ሥር 85 ይደርሳል። 85 ጣሪያው ነው። ወደ ደጀን ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ሙሉ ጭነት ላይ ይቆያል። ስለዚህ ማርቆስ ላይ የኢንጀክተሩ መከፈት ከ78 በመቶ ካለፈ የቱርቦውን ግፊት ቀንሱ ወይም ኢንጀክተር ቀይሩ።

ዋይድባንድ ሴንሰር (ከጭሱ የነዳጅና የአየሩን ምጣኔ የሚለካው) ሳይገጠም ማፕ አይነካ። በሙሉ ጭነት ላምዳው (1 ማለት ነዳጁና አየሩ ልክ ሲሆኑ ነው፤ ከ1 ሲያንስ ነዳጁ ይበዛል) ከ0.80 እስከ 0.85 ይሁን። የእሳቱን ጊዜ (ካንዴላው የሚያቀጣጥልበትን) አንድ አንድ ዲግሪ እያስቀደማችሁ፣ ጉልበቱ መጨመር ሲያቆም እናንተም አቁሙ።

5. ኢታኖል የቆየ የታንክ ቆሻሻ ስለሚያነሳ ከመጀመሪያው ሙሉ ታንክ በኋላ የነዳጅ ፊልትሮ ቀይሩ። በማርቆስ ብርድ ጠዋት ሲነሳ የሚረጨው ትርፍ ነዳጅ ወደ ዘይቱ ይወርዳል፤ ዘይቱን ከተለመደው ኪሎሜትር ግማሽ ላይ ቀይሩ፣ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ግን ግማሹንም አትጠብቁ።