የዓይን ስር ጥቁረት፦ ሸፍነሽው አመድ የሚመስለው ለምንድን ነው?

ፊት መታጠብ፣ ክሬም መቀባት፣ ስፖንጅ ማጽዳት የሚሉትን ታውቂያለሽ ብዬ አልፌያቸዋለሁ። ጅማ ውስጥ ሙሽራና ሚዜ ሳሰናዳ በየሠርጉ የሚገጥመኝ ችግር አንድ ነው፦ የዓይን ስር ጥቁረት ሲሸፈን አመድ መምሰሉ። ሰፊውን ቦታ የሚወስደውም እሱ ነው።

መጀመሪያ ጥቁረቱን ለዪው

መስታወት ይዘሽ መስኮት ጋ ቁሚ። ከዓይንሽ ስር ያለውን ቆዳ በጣትሽ ቀስ ብለሽ ሳብ አድርጊው። ቡናማ ሆኖ ካልተለወጠ የቆዳው ቀለም ነው። ወደ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ የሚያደላና ሲሳብ የሚብስ ከሆነ፣ ቆዳው ሳስቶ ከስሩ ያለው የደም ስር እየታየ ነው። ቀና ብለሽ ብርሃን ሲያገኘው የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ቦታው ጎድጉዶ የጣለው ጥላ ነው። ብዙዎቻችን ላይ ተደባልቆ ይገኛል።

አንዳንዴ ደግሞ ጥቁረት የተባለው የትናንት ኩል ነው። አትሳቂ፤ በጥጥ ስጠርገው ግማሹ አብሮ የሚመጣበት ጊዜ አለ። በነገራችን ላይ አንዳንድ ኩል እርሳስ የተባለው መርዛማ ማዕድን አለበት። ምን እንዳለበት ያልተጻፈበትን አትኳዪ።

ኮንሲለሩ አመድ መሰለ

ይኸው ነው በየሠርጉ የማየው። ምክንያቱ ኮንሲለሩ፣ ማለትም ጥቁረት መሸፈኛው ቅባት፣ ከፊትሽ ሁለት ሦስት ደረጃ የነጣ መሆኑ ነው። ነጣ ያለ ቀለም ሰማያዊ ያዘለ ጥቁረት ላይ ሲያርፍ የሚወጣው ግራጫ ነው። ሰው ግራጫውን ሲያይ ይጨምርበታል። ሲጨምር ይብሳል። ሲብስ ፓውደር ይደፋበታል።

አንዴ ጊንጆ ሰፈር ሙሽራ ቤት ተጠራሁ። ገና ሳይነጋ፣ መብራት ጠፍቶ፣ የአክስቷ ልጅ በስልክ ባትሪ ቀብታታለች። ሲነጋ ልጅቷ ሳምንት ታማ የተነሳች መስላለች። እናትየው፣ «ልጄ፣ ደክሟት ነው፤ እስቲ ትንሽ ጨምሪላት» ይሉኛል። «እማዬ፣ መጨመር ሳይሆን ማንሳት ነው» ብዬ ሁሉንም አጠፋሁት። ቪዲዮ ቀራጩ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

ሌላዋ የራሷን ኮንሲለር ይዛ መጣች። ካርቶኑ ላይ ካራሜል ይላል፤ ውስጡ ሐመር ሮዝ ነው። ሻጩ «እህቴ፣ ኦርጅናል ነው» ብሏታል። ሁሌም ይላሉ! ክዳኑን ሳትከፍቺ፣ ቀለሙን ደጅ አውጥተሽ ሳታዪ ብር አትክፈዪ።

መፍትሄው እንዲህ ነው። የተቀባውን በሙሉ አንሺ። ሜካፕ ማጥፊያ ጥጥ ላይ አድርገሽ ዓይንሽ ላይ ትንሽ ያዢውና አንሺው፤ አትፈትጊ። ስስ ክሬም ቀቢና እስኪመጠጥ ጠብቂ። ከዚያ ኮሬክተር፣ ማለትም ከኮንሲለር በፊት ጥቁረቱን በቀለም የሚያጠፋው ቅባት። ቀይ ከሆንሽ የኮክ ቀለም፣ ጠይም ከሆንሽ ብርቱካናማ፣ ጥቁር ከሆንሽ ወደ ቀይ ያደላ ብርቱካናማ። ብርቱካናማው ሰማያዊውን ያጠፋዋል፤ ሥራው ይኸው ነው። ለሁለቱም ዓይን የአንድ ምስር ፍሬ ያህል ይበቃል። የሚቀባው የጠቆረው ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአፍንጫ በኩል ካለው ማዕዘን ጀምሮ። ጉንጭ ድረስ አታውርጂው። በቀለበት ጣትሽ መታ መታ አድርጊው። ሲያልቅ ብርቱካን ከታየሽ በዝቷል። የራስሽ ቆዳ ትንሽ ሞቅ ብሎ ከታየሽ ልክ ነው።

ከላይ ኮንሲለር፣ በፊትሽ ቀለም። ቀለሙን የምትለኪው እጅሽ ላይ ሳይሆን መንገጭላሽ ላይ፣ በቀን ብርሃን ነው። መብራት ከሌለ መስኮት ጋ ሂጂ፤ በስልክ ባትሪ አትቀቢ። ስስ አድርጊው። ፓውደር ነካ ነካ ብቻ።

በብርቱካናማ ሊፕስቲክ የሚሠሩ አሉ። ለዓይን ዙሪያ የተሠራ አይደለም፤ ካሳከከሽ ወዲያው አጥፊው።

ሌሎቹ

መስመር ሠርቶ ከተሰነጠቀ፣ በዝቷል ወይም ክሬሙ ሳይመጠጥ ተቀብቷል። መስመሩን በጣትሽ አስተካክለሽ ከዚያ ፓውደር። በፍላሽ ፎቶ ነጭ ከወጣ ፓውደሩ ነው፤ ከቤት ሳትወጪ አንድ ፎቶ በፍላሽ ተነሺ። ጥላ ከሆነ ኮሬክተር አይሞላውም፤ ጎድጓዳው መስመር ላይ ብቻ ትንሽ ፈካ ያለ ኮንሲለር። ጠዋት ካበጠ ቀዝቃዛ ማንኪያ ያዢበት።

ከስሩ ለማቅለል

የቆዳው ቀለም ከሆነ በየጠዋቱ ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም)፣ ከሱ ጋር ኒያሲናማይድ ወይም ቫይታሚን ሲ ያለበት ክሬም። ወራት ይፈልጋል። ሬቲኖል (የቫይታሚን ኤ ዓይነት) ያለበት ክሬም ግን እርጉዝ ከሆንሽ ይቅርብሽ። ዓይንሽን የሚያሳክክሽ ከሆነ ማሸቱ ራሱ ያጠቁረዋል፤ አለርጂውን ሳትታከሚ ክሬም መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ሎሚ አትቀቢ። ያቃጥላል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ የባሰ ያጠቁራል።

«በሳምንት ያቀላል» የሚባለውን ክሬም በፍጹም! ብዙዎቹ ውስጥ ክሎቤታሶል አለ፤ ሜርኩሪ ያለባቸውም አሉ። ክሎቤታሶል ስቴሮይድ የሚባል ጠንካራ የቆዳ መድኃኒት ነው። መጀመሪያ ያፈካል፤ ከዚያ ቆዳውን ያሳሳና የደም ስሩን አውጥቶ ያሳያል። ዓይን አጠገብ ለረጅም ጊዜ ከተቀባ የዓይን ግፊት ሊጨምር፣ የዓይን ሞራም ሊያመጣ ይችላል። ስትጠቀሚው ቆይተሽ ከሆነ በአንዴ ከማቆምሽ በፊት የቆዳ ሐኪም ጠይቂ። እይታሽ ከደበዘዘ ወይም አንዱ ዓይን ብቻ ካበጠ ግን ሜካፑን ተዪውና ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዓይን ክፍል ሂጂ፤ የምትቀቢውን ክሬም ከነካርቶኑ ይዘሽ።