በርጫ ላይ መጠይቅ አይሞላም

ሰሞኑን አንድ የሥነ ምህዳራዊ ኢኮኖሚክስ (ተፈጥሮንና ኢኮኖሚን አብሮ የሚያይ ትምህርት) የማስተርስ ተማሪ መጠይቁን አስሞልቶ ድሬዳዋ ድረስ አመጣልኝ። «የሐረማያ ሀይቅን ለመጠበቅ በወር ስንት ብር ይከፍላሉ?» ይላል። መልሱ ለጉድ ነው፤ ሁሉም ቸር። «ስንት ሰዓት ላይ ጠየቅካቸው?» አልኩት። «ከምሳ በኋላ፣ ሰው ተሰብስቦ ስለሚገኝ።» እንዴ! በእኛ አገር ሰው ከምሳ በኋላ ለምን እንደሚሰበሰብ ጠፍቶህ ነው? ምርቃና ላይ ያለ ሰው ሀይቅ ቀርቶ ባህር ይገዛልሃል። ጠዋት ሂድ።

«ስንት ይከፍላሉ?» ብሎ ክፍት መጠየቁም ራሱ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ኢኮኖሚስቶቹ ኬኔት አሮውና ሮበርት ሶሎው የመሩት የአሜሪካ ባለሙያዎች ቡድን የመከረው ዋጋውን ነግሮ «ይደግፋሉ ወይስ አይደግፉም?» ማለትን ነው።

የእኔ ጥፋት ግን ይብሳል። ሀይቁ ደርቆ በነበረበት ጊዜ አንድ ሽማግሌ ጠየቅኩ። «ውሃ የአላህ ነው፤ ለማን ነው የምከፍለው?» አሉኝ። እኔ ሆዬ 0 ጻፍኩ። እንደሳቸው ያሉትን ሁሉ 0፣ 0 እያልኩ ደመርኩ። ውጤቱ «ለሀይቁ የቀረበው ሰው ለሀይቁ ዋጋ አይሰጥም» ሆኖ አረፈው! ሽማግሌው የናቁት ጥያቄዬን እንጂ ሀይቁን አልነበረም። ይህ የተቃውሞ ዜሮ ይባላል፤ ተለይቶ ይያዛል። «ለምን?» የምትል አንዲት መስመር ቅጹ ላይ ብተው ኖሮ ቤት ለቤት ድጋሚ ባልዞርኩ።

«ሀይቁን ያደረቀው ጫት ነው» ብሎ መጀመርም ይቅር። ሐረር ራሷ የቧንቧ ውሃዋን የምትስበው ከዚያው ነበር። ከኮረብታው የሚታጠበው አፈርም ሀይቁን ይሞላው ነበር። ጫትና አትክልት የሚያጠጣው ገበሬ ደግሞ የሚከፍለው ለሞተሩ ነዳጅ ነው፤ ለውሃው አይከፍልም። የገባው ስንት፣ የወጣው ስንት? ሥነ ምህዳራዊ ኢኮኖሚክስ የሚጀምረው ከዚህ ሂሳብ ነው።

«ሁሉም የሚጠቀምበት የጋራ ሀብት መጥፋቱ አይቀርም» የሚለውን የሃርዲንን የ1968 (እ.ኤ.አ.) ጽሑፍ ጠቅሶ፣ ሰዎች የጋራ ሀብታቸውን ራሳቸው ተስማምተው መጠበቅ እንደሚችሉ ያሳየችውንና እ.ኤ.አ. በ2009 ኖቤል የተሸለመችውን ኦስትሮምን የማያነሳ ምዕራፍ ሁለት (የቀደሙ ጥናቶች የሚዳሰሱበትን ማለቴ ነው) አላነብም።

ከፍለህ በ3 ቀን የሚያትምልህ ጆርናል? ተወው።

ቋንቋውንም አደራ። መጠይቁ በአማርኛ ተጽፎ ጠያቂዎቹ እዚያው ማሳ ላይ በቃላቸው ወደ ኦሮምኛ ሲመልሱት አይቻለሁ። አንዱ «መክፈል» ይላል፣ ሌላው «መርዳት»፣ ሦስተኛው «መዋጮ»። አምስት ጠያቂ ካለህ አምስት መጠይቅ አለህ ማለት ነው። ቀድመህ በኦሮምኛ አስጽፈው። ከዚያ ዋናውን ያላየ ሰው ወደ አማርኛ ይመልስልህና ሁለቱን አስተያይ።