ሮቶ ውስጥ አረንጓዴ ሲይዝ

ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ውሃ በፈረቃ የሚደርሳችሁ፣ ሮቶ የምታጥቡት የፈረቃችሁ ዋዜማ ይሁን። ያኔ ሮቶው ባዶ ሊሆን ምንም አይቀረውም፤ የምትደፉትም ውሃ አያንገበግብም።

በረኪና ከመፍሰሱ በፊት ግድግዳው ይፈተግ። አረንጓዴው ዝልግልግ (አልጌ) በረኪናውን እዚያው ይጨርሰዋል፣ ከሥሩ ያለው ጀርም ግን አይነካም። ለስላሳ መጥረጊያ በረጅም እንጨት ይበቃል። የሽቦ ብሩሽ በጭራሽ! ፕላስቲኩን ይቧጭረዋል፣ በሚቀጥለው ጊዜ አልጌው ጭረቱ ውስጥ ገብቶ ይይዛል። መውጫው ቱቦ ከወለሉ ጥቂት ጣት ከፍ ስለሚል ጭቃው በራሱ አይወጣም፤ በጣሳና በስፖንጅ ቅዱት።

ቀጥሎ በ10 ሊትር ውሃ 50 ሚሊ ሊትር (አንድ የቡና ሲኒ የማይሞላ) 5 በመቶ በረኪና በጥብጣችሁ ግድግዳውን በሙሉ አርሱ። እንዳይደርቅ እየደጋገማችሁ 30 ደቂቃ አቆዩት፣ ከዚያ አለቅልቃችሁ ድፉ። ሮቶ ሞልቶ በረኪና መጨመርም ይሠራል፣ ግን ያን ሁሉ ውሃ ማን ይደፋል? በረኪናውን ከአቼቶ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ጭንቅላታችሁንም ወደ ውስጥ አታስገቡ።

አልጌ ያለ ብርሃን አያድግም። ክዳኑ ከተሰነጠቀ ቀይሩ፤ ሮቶው ነጣ ያለና ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ደግሞ በጥቁር ሸራ ሸፍኑት።